ክቡር ባለ ወረንጦ ከሳሎናቸው ሳይወጡ ኤግዚቢሽን ገቡ

ቴምብር ሰብሳቢ የሌለበት ሰፈር የለም። «በእኛ ሰፈር የለም» የሚል ሰው ካለ ገና ደብዳቤ አልደረሰውም ማለት ነው። የደረሰው ዕለት፣ ፖስታውን በጣቱ ሸርከት ከማድረጉ በፊት በሩ ይንኳኳል። በሩ ላይ የቆመው ሰው «እንደምን ዋላችሁ» አይልም፤ የልጆቹን ደህንነት አይጠይቅም። ዓይኑን የፖስታው ቀኝ ማዕዘን ላይ ተክሎ «እንዳትቀደው!» ብሎ ይጮኻል። በውስጡ ያለው መርዶ ይሁን የምሥራች ለእሱ ጉዳዩ አይደለም። ለእሱ ደብዳቤ ማለት ቴምብር እንዳይበርደው የሚደርበው ካፖርት ነው።

ጠርሙስ የሚሰበስብ ሰው ቢያንስ እንግዳ ሲመጣ የሚቀዳበት አያጣም። አሮጌ ቁልፍ የሚሰበስብ ሰው አንድ ቀን የሆነ በር ሊከፍት ይችላል። ቴምብር ሰብሳቢ ግን የሰበሰበውን አይነካም፣ አያስነካም። የሚሰበስበውም ተልኮ፣ ደርሶ፣ ሥራውን ጨርሶ ጡረታ የወጣ ወረቀት ነው።

ለእኛ ሕንፃ የደረሱን ቴምብር ሰብሳቢ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ሠላሳ አምስት ዓመት መድኃኒት ቤት ውስጥ የቆሙ ፋርማሲስት ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ነጩን ጋዋን አስረክበዋል፤ ወረንጦውን ግን አላስረከቡም። ሌላው ሰው እስክሪብቶ በሚሰካበት የደረት ኪስ እሳቸው ወረንጦ ይሰካሉ። አንድ ጎረቤት እሾህ ወግቶት ሊዋስ ቢሄድ «ይኼ ለቴምብር ነው፤ ለእሾህ መርፌ ፈልግ» ተብሎ እያነከሰ ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ሕንፃው በሙሉ «ባለ ወረንጦ» ይላቸዋል። «ክቡር» የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ «ዘግይቶም ቢሆን ደግ ነው» አሉ።

ወደ ክቡርነታቸው አልበም መቅረብ እንደ ዋዛ አይደለም። እጅ እስከ ክርን ይታጠባል። መስኮት ይዘጋል። ከዚያ «ትንፋሽ!» ይባላል፤ ወደ ጎን ተንፍስ ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ሳላስበው አስነጥሼ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እስከ ዛሬ በሕንፃችን የሚሆነውን ነገር ሁሉ የሚቆጥሩት ከዚያ ነው። «ሊፍቱ የተበላሸው አንተ ካስነጠስክ በሁለተኛው ዓመት ነው» ይላሉ፤ አነጋገራቸው ሁለቱ ነገሮች ሳይገናኙ አይቀሩም የሚል ዓይነት ነው።

ቴምብር ከፖስታ ላይ ማላቀቅ የፈለገ ሰው ማዘዣ ይጻፍለታል፦ ለብ ያለ ውሃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ።

«ከምግብ በኋላ ለምን?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እጁን የሚታጠብበት ሌላ ሰዓት የለውማ!»

ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። አንዱ ሳሎን ለሁለት መንግሥት ተከፍሏል። በመስኮቱ በኩል የእትዬ የስፌት መኪና፣ የመተኮሻ ጠረጴዛና የደንበኛ ልብስ አለ፤ በግድግዳው በኩል የክቡርነታቸው ሠላሳ አንድ አልበሞች ተደርድረዋል። ከእትዬ ወገን ብጣሽ ክር በርሮ ወደ አልበሙ ከተሻገረ የቃላት ጦርነት ይከፈታል። እትዬም መርፌያቸውን ሳያቆሙ «አንድ ቀን ሠላሳ አንዱንም ለኮት ገበር አደርጋቸዋለሁ» ይላሉ።

ክቡርነታቸው በሕይወታቸው ያላገኙት አንድ ነገር ቢኖር ሜዳሊያ ነው። የሰብሳቢዎች ማኅበር በየዓመቱ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል፤ ዳኞች አሉ፤ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ ይሸለማል። እሳቸው አሥራ አንድ ዓመት በተከታታይ ተመዝግበው አሥራ አንዱንም ዓመት ቀርተዋል። በአውቶቡስ እንዳይሄዱ መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ቴምብር ንዝረት አይወድም። በአውሮፕላን እንዳይሄዱ አየሩ ደረቅ ነው።

«ታዲያ በፖስታ ለምን አይልኩትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«በፖስታ?»

«አዎ፣ በአደራ ደብዳቤ።»

እንደ እብድ አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ፖስታ ቤት ቴምብርን ምን እንደሚያደርገው ታውቃለህ? ይመታዋል! በማኅተም ነው የሚመታው!»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰባ ሁለት ዓመት ሞላቸው። ሜዳሊያው ይቀራል ብለን ሁላችንም ተስፋ በቆረጥንበት ሰዓት፣ ማኅበሩ የዘንድሮው ኤግዚቢሽን በኮምፒውተር እንደሚካሄድና እያንዳንዱ ሰው ከቤቱ ሆኖ እንደሚሳተፍ አስታወቀ። በዚያ ቀን ክቡርነታቸው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወደ እኔ ቤት መጡ። ጎረቤት ሆነን በኖርንበት ዘመን ሁሉ ደጄን ሲረግጡ የመጀመሪያቸው ነው።

«ኮምፒውተር አለህ?»

«አለኝ።»

«ታውቅበታለህ?»

«ለጋዜጣ መጻፍ እጽፍበታለሁ።»

«በቂ ነው። ተሹመሃል» አሉ።

ለውድድር የሚያቀርቡት ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የመጀመሪያው አልበም የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ብቻዋን እንደ ንግሥት የተቀመጠች አንዲት ፖስታ አለች። ታሪኳን ሕንፃው በቃሉ ያውቀዋል። የዛሬ አርባ ዓመት ክቡርነታቸው በአንድ ከተማ ጀማሪ ፋርማሲስት፣ እትዬ በሌላ ከተማ ልብስ ስፌት ተማሪ ሳሉ፣ እትዬ ደብዳቤ ጻፉላቸው። ፖስታ ቤቱ ደብዳቤውን ወደማይገባው ከተማ ላከው፤ ያ ከተማ ወደ ሌላው፣ ሌላውም ወደ ሦስተኛው። አምስት ከተማ ዞሮ፣ አምስት ማኅተም ተመትቶበት፣ «በዚህ አድራሻ አይታወቅም» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፎበት፣ አንድ ቦታ ዝናብ ነክቶት፣ በአራተኛው ዓመት ደረሰ። በዚያን ጊዜ ሁለቱ ተጋብተው ልጃቸው ጥርስ እያወጣች ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን በጥርሱ ቀዶ ያነበው ነበር። ክቡርነታቸው ግን አገላብጠው አዩና «ታሽጎ ይቆያል» ብለው ፈረዱ። ያልተከፈተ ፖስታ ከተከፈተው በሦስት እጥፍ ይከበራላ! ይኸው ሠላሳ ስድስት ዓመት የገዛ ሚስታቸውን ደብዳቤ ሳይከፍቱ ኖሩ።

«ውስጡ ምን እንዳለ አያጓጓዎትም?» ብዬ ጠይቄያቸው አውቃለሁ።

«የላከችው ሰው ያችውና ከጎኔ እየሰፋች ነው። አስቸኳይ ነገር ካለው በአፏ ትነግረኛለች።»

እትዬ በዚህ ጊዜ ሁልጊዜ ክር በጥርሳቸው ይበጥሳሉ።

ሐሙስ ዕለት ከማኅበሩ ኢሜይል መጣ። ክቡርነታቸው ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ፣ እትዬ የአንዲት ደንበኛን ቀሚስ እየዘመዘሙ፣ ደንቡን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ስለ ልብስ ምንም አልተባለም፤ ይህ ክቡርነታቸውን ቅር አሰኛቸው። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ግን ድምፄን ቀነስኩ። «ታሽጎ የቆየ ፖስታ ለወርቅ የሚወዳደረው፣ በዳኞች ፊት ተከፍቶ፣ በውስጡ ያለው ደብዳቤና ቀኑ ከታየ ብቻ ነው» ይላል። ለካ ባዶ ፖስታ አሽገው «የጥንት ነው» የሚሉ ሰዎች ሞልተዋል።

የእትዬ መቀስ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እናያለን» አሉ ክቡርነታቸው።  ወደ መሳቢያቸው ሄደው ቀጭን የወረቀት ቢላዋ አወጡ፤ በአልኮል ጠረጉት፤ በጥጥ ጠቅልለው ፖስታዋ አጠገብ አስተኙት።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተጠመጠመ።

«ዝጋው በሩን።»

ዘጋሁት።

«ያ ፖስታ መከፈት የለበትም።»

«ምነው እትዬ? የፍቅር ደብዳቤ አይደል? ትንሽ ቢያፍሩ ነው።»

«የምን ፍቅር! አልፈልግህም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። እትዬ ወንበሬ ላይ ተቀመጡና እንደ ልብስ ልኬት እየቆጠሩ ነገሩኝ። «አልፈልግህም። ወሬ ታበዛለህ። ጫማህ ይንቋቋል፤ ገና መታጠፊያው ላይ ሳለህ ሰፈሩ ሁሉ መምጣትህን ይሰማል። ሌላ ፈልግ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። በሁለተኛው ሳምንት በር ተንኳኳ። ስከፍት ማን ይሁን? እሱ! በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በአንድ እጁ የሳል ሽሮፕ ይዟል። ‹እናትሽን ያስላቸዋል ሲሉ ሰምቼ ነው› አለኝ። ስለ ደብዳቤው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔ እኮ ያነበበው መስሎኛል! እንዲያ አዋርጄው፣ ቅር ሳይለው፣ ለእናቴ መድኃኒት ይዞ የመጣ ሰው! እንዲህ ያለ ትልቅ ልብ ከየት ይገኛል ብዬ አገባሁት።»

«ደብዳቤው ግን አልደረሳቸውም ነበር።»

«የት ይደርሰዋል! አገር ለአገር ይዞራል። በአራተኛው ዓመት ሲመጣ ነው የገባኝ። ለካ እኔን የዳረኝ ትልቅ ልብ አይደለም፤ የፖስታ ቤት ስህተት ነው።»

«ካገቧቸው በኋላስ? ልባቸው ትልቅ ሆኖ አልተገኘም?»

ትንሽ አሰቡ። «አልበሙ ትልቅ ነው» አሉ።

«ታዲያ አሁን ቢያውቁት ምን አለበት? ከአርባ ዓመት በኋላ!»

«አንተ አታውቀውም። ያንን ፖስታ የፍቅር ደብዳቤ ነው ብሎ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስቀምጦ ኖረ። በየጠዋቱ ከቁርሱ በፊት ነው የሚያየው። ነገ ሦስት ዳኛ ፊት ከፍቶ ‹አልፈልግህም› የሚለውን ያንብብልህ? በሰባ ሁለት ዓመቱ?» ድምፃቸው ሊተረተር ሲል ወዲያው መልሰው ሰፉት። «ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ነገ ያንን ኔትወርክ አጥፋልኝ።»

«እትዬ፣ ኔትወርኩ እኮ ያለ እኔም እርዳታ ይጠፋል።»

«ሲጠፋማ በራሱ ሰዓት ነው። እኔ የምፈልገው በእኔ ሰዓት እንዲጠፋ ነው።»

ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ለበጎ ሥራ ሶኬት እንዲነቅል ይጠራል። እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላፕቶፔን ይዤ ስወርድ፣ ክቡርነታቸው በሙሉ ልብስ፣ በከረባትና በነጭ የጥጥ ጓንት ቆመው ጠበቁኝ። የእትዬ የስፌት መኪና ወደ ወጥ ቤት ተሰድዷል። ላፕቶፑ የተቀመጠው የመተኮሻ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ክቡርነታቸው ቆመው እንዲያዩ ከፍ ማለት ነበረበት። «ኤግዚቢሽን ተቀምጦ አይታይም» ብለዋል። መስኮቱን ዘጉ።

«ጋሼ፣ ቴምብሮቹ ያሉት እኮ በየሰው ቤት ነው» አልኳቸው። «እዚህ ንፋስ ቢገባ አያገኛቸውም።»

«ጥንቃቄ ቦታ አይመርጥም።»

ስክሪኑ ላይ የአዳራሽ ሥዕል ተከፈተ፤ ዓምድ አለው፣ ቀይ ምንጣፍ አለው። ክቡርነታቸው ጫማቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጉብኝቱ ተጀመረ። እኔ በአንድ ጊዜ ወደሚፈለገው ክፍል መዝለል እንደሚቻል ባስረዳቸውም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ፤ ከአዳራሽ አንድ ጀምረው፣ በግድግዳው በኩል፣ ተራ በተራ። አንዱን ቴምብር አይተው ሲጨርሱ ሌላው ሰው እንዲያይ ከላፕቶፑ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ።

እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው አዩንና «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው ተመለሱ።

አዳራሽ ሦስት ውስጥ ክቡርነታቸው ማጉያ መነጽራቸውን አወጡና ስክሪኑ ላይ ለጠፉት።  ከዚያ ክፉ በሽታ እንዳገኘ ሐኪም ቀና አሉ።

«ሐሰተኛ ነው» አሉ። «ተመልከት! ነጥብ በነጥብ ነው የታተመው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። እንዲህ ዓይነት ኅትመት በዚያ ዘመን አልነበረም። ይኼ ሰው ዓይን ያወጣ አጭበርባሪ ነው!»

«እባክዎ ጌታዬ፣ ማይክዎ ክፍት ነው» አለ አንድ የማይታይ ድምፅ።

«ጥሩ፤ ይስማ!»

ሰውየው ሰምቷል። የጥርስ ሐኪም ነኝ የሚል ወፍራም ድምፅ «የእኔን ነው ሐሰተኛ ያሉት? ከአያቴ የወረስኩትን?» እያለ አዳራሽ ሦስትን አናጋው። ማይኩን ዘግቼ፣ ስክሪን ላይ የሚታይ ነገር ሁሉ በነጥብ እንደሚሠራ አስረዳኋቸው። አላመኑኝም። በስክሪኑ ጥግ ላይ የራሳቸው ፊት ይታይ ነበር፤ ማጉያውን እዚያ ላይ ለጠፉት።

«እኔም በነጥብ ነው የተሠራሁት» አሉ ቀስ ብለው። ይቅርታ ግን አልጠየቁም። ማይኩን አስከፍተው፣ ለጥርስ ሐኪሙ «ለጥንቃቄ ነበር፤ ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል» ብለው አሰናበቱት።

አምስት ሰዓት ላይ ተራቸው ደረሰ። ሦስት ፊት ስክሪኑ ላይ ተደረደረ፤ ሁለት ወንዶችና መነጽራቸውን በሰንሰለት ያንጠለጠሉ ሴት፤ የዳኞቹ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ክቡርነታቸው ፖስታዋን በወረንጦ አንሥተው ካሜራው ፊት ያዙና መናገር ጀመሩ። ይህን ሰው ለሃያ ዓመት ስሰማ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን አጭርና ጥርት ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። አምስቱን ማኅተም አንድ በአንድ፣ ቀኑን፣ የቀለሙን ዓይነት፣ በየከተማው ስንት ወር እንደተኛች። በዝናብ ስለ ራሰችው ጥግ ሲያወሩ ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አጠለቁ።

«ሠላሳ ዓመት ስዳኝ» አሉ ሴትየዋ፣ «አምስት ማኅተም በአንድ ፖስታ ላይ እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼ አላውቅም። ጌታዬ፣ ይኼ የወርቅ ነው። ደንቡን ያውቁታል መቼም። አንዱን ጎን ብቻ ከፈት አድርገው ደብዳቤውንና ቀኑን ያሳዩን።»

እኔ በዚያን ሰዓት ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ተንበርክኬ ነበር። የኢንተርኔቱ ሳጥን ሶኬት ከእጄ አንድ ስንዝር ይርቃል። ከወጥ ቤት የእትዬ መኪና ያለማቋረጥ ይጮኻል፤ ድምፁ ባዶ ነው፤ ጨርቅ አልገባበትም። ኔትወርኩ በታሪኩ እንደዚያ ቀን ደህና ሆኖ አያውቅም።

የጥጡ ጥቅልል ሲፈታ ሰማሁ። የቢላዋው ጫፍ ከላይ ታየኝ። ሶኬቱን ጨበጥኩ።

ቢላዋው ተመልሶ ጠረጴዛው ላይ ጋደም አለ።

«አይከፈትም» አሉ ክቡርነታቸው።

«ጌታዬ፣ ካላየን ወርቁን መስጠት አንችልም።»

«አውቃለሁ።»

«ባዶ ቢሆንስ?» አለ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ።

«ባዶ አይደለም። አንድ ወረቀት ነው፤ በሁለቱም ፊት ተጽፎበታል፤ ለአራት ታጥፏል። ቀኑ ከመጀመሪያው ማኅተም በሁለት ቀን ይቀድማል።»

«ሳይከፍቱት በምን አወቁ?»

«አንብቤዋለሁ» አሉ።

ወጥ ቤት ውስጥ ያለው መኪና ቀጥ አለ።

ሰብሳቢዋ በትዕግሥት «እንግዲያው ያነበቡትን ይንገሩንና በመዝገብ እንያዘው፤ ምናልባት ነሐስ...» ሲሉ ክቡርነታቸው አንገታቸውን ነቀነቁ።

«የተጻፈው ለእኔ ነው እመቤቴ። ለማኅበሩ አልተላከም።»

ዳኞቹ ማይካቸውን ዘግተው ተመካከሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። የተሳትፎ ምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። «በኢሜይል ይላክልዎታል» ተባሉ። አሥራ አንድ ዓመት የተጠበቀው ቀን በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ። እኔ ከጠረጴዛው ሥር አቧራዬን እያራገፍኩ ወጣሁ፤ እዚያ ምን እሠራ እንደነበር የጠየቀኝ የለም። ክቡርነታቸው የሚያዩት ሌላ ቦታ ነበር። እትዬ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል።

«መቼ ነው ያነበብከው?»

«በደረሰ ዕለት» አሉ፣ ጓንታቸውን ጣት በጣት እያወለቁ። «ማለቴ፣ በደረሰ ዕለት ጀምሬ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጨረስኩት። በብርሃን ብቻ የሚታየውን የወረቀቱን የውሃ ምልክት ልመረምር አምፖል ላይ ስይዘው ጽሕፈትሽ ታየኝ። ለአራት ስላጠፍሽው መስመሩ በመስመር ላይ ተኝቷል፤ ገሚሱ የተገለበጠ ነው። በመስታወት ነው ያነበብኩት።»

«ሠላሳ ስድስት ዓመት! ሠላሳ ስድስት ዓመት ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«ምን ልበልሽ? ጊዜው ያለፈበት ነበር። ጊዜው ያለፈበት ነገር አይወሰድም።»

እትዬ ግድግዳውን ተደገፉ። «ስለ ጫማህ የጻፍኩትስ?»

«እሱ አላለፈበትም» አሉ ክቡርነታቸው፤ ሦስታችንም ጫማቸውን አየን።

«ካነበብከው ከፍተህ አታስቀምጠውም ነበር? እኔን በየቀኑ እንዲህ ከምታስጨንቀኝ!»

«የተከፈተ ደብዳቤ መልስ ይፈልጋል» አሉ። «ምን ብዬ ልመልስልሽ ነበር? ልጅቷ ጥርስ እያወጣች፣ አንቺ ማታ ማታ እያባበልሻት። ያልተከፈተ ደብዳቤ ግን መልስ አይጠየቅበትም።»

እትዬ ሳቁ ይሁን ሌላ ነገር፣ ፊታቸውን በሜትራቸው ጫፍ ጠረጉት። እኔ ላፕቶፔን አጥፌ በጸጥታ ልወጣ ወደ በሩ ጀመርኩ። የሰው ነገር ነው፤ ሲሆን ሲሆን አለመስማት ነበር።

«ቆይ አንተ» አሉኝ ክቡርነታቸው። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ ማዘዣ ላይ ያልገባውን ቃል ሐኪሙን እንደሚጠይቅ ሰው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሁለት መስመር አልተነበበኝም። ‹ሌላ ፈልግ› ካልሽ በኋላ፣ እጥፉ ላይ የተኛ። የስንት ሐኪም ጽሕፈት ያነበብኩ ሰው ያንን አልቻልኩም። ምን ነበር?»

እትዬ ጣሪያውን አዩ፤ ወለሉን አዩ።

«እኔም ረሳሁት።»

«እንዴት ይረሳል!»

«አርባ ዓመቱ እኮ ነው! አንተ የዛሬ አርባ ዓመት የሸጥከውን መድኃኒት ታስታውሳለህ?»

«አስታውሳለሁ።»

«በል እንግዲያው ክፈተውና እንየው።»

«ፖስታውን? አብደሻል?»

መጋረጃው ተዘጋ። የጠረጴዛው መብራት ተነቅሎ በእጄ ተሰጠኝ። ክቡርነታቸው ፖስታዋን በወረንጦ አንሥተው አምፖሉ ፊት ያዙ፤ ሁለት ሽበታም ራሶች ከሥሯ ተጋጠሙ።

«ይኸው ‹ግን› የሚል ይታየኛል» አሉ እትዬ።

«እሱንማ እኔም አይቼዋለሁ። ከ‹ግን› በኋላ ያለው ነው የጠፋኝ።»

«ወደ ግራ አድርገው። ወደ እኔ ግራ! ምኑን ነው የያዝከው?»

«አትግፊኝ፤ ማኅተሙን ታበላሺዋለሽ።»

«አንተ ልጅ፣ ከፍ አድርገህ ያዝ እንጂ!» አሉኝ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ክንዴ ዝሏል፤ ስድስት ሰዓት ላይም ቀጠሮ ነበረኝ። መብራቱን በሌላው እጄ ያዝኩት።